ከሰሉን ያየ ታንኳውን ለምን ዘነጋ?

«አንተ መምህር፣ ካርቦን የሌለበት ጤፍ የት ነው የሚሸጠው?» ብለው ጠየቁኝ እትዬ እያልሁ የምጠራቸው ጎረቤቴ። እዚሁ ባሕር ዳር፣ ከእኛ ግቢ ቀጥሎ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ ሴት ናቸው። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እርሳቸው ግን አልሳቁም። ሁለት ደንበኞቻቸው «ኦርጋኒክ የሆነና ካርቦን የሌለበት እንጀራ» ፈልገው መጥተው፣ ጤፉ በዩሪያ የበቀለ መሆኑን ሲሰሙ ባዶ መሶባቸውን ይዘው ተመልሰዋል። ነገሩ ከየት እንደመጣ ስጠይቅ ከደንበኞቹ አንዷ ትታላቸው የሄደችውን አራት ገጽ ጽሑፍ ከመደርደሪያ አውርደው ሰጡኝ። ዳሩ በሊጥ ተነክቷል።

ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው። ካርቦን ከሰልና ጥላሸት ስለሆነ ከምግባችንም ከሰውነታችንም መውጣት አለበት። «ኦርጋኒክ» ማለት ሕይወት ያለው ፍጡር ብቻ ሊሠራው የሚችል ነገር ሲሆን «ኬሚካል» ደግሞ የፋብሪካ ሙት ነው። ከተፈጥሮ የመጣ ነገር አይጎዳም። ተክል አፈር በልቶ ስለሚያድግ አፈር ላይ የተበተነ ሁሉ ሥጋችን ይሆናል። የጣና እምቦጭም ተለቅሞ ይቃጠል፤ ካርቦኑ ከሐይቁ ይጥፋ። በመካከሉ ስለ አሸዋ አንድ ጥያቄ ጣል ተደርጓል። እርሱን ወድጄዋለሁና ኋላ እመለስበታለሁ።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ለጣና የተንገበገቡ፣ በየማሳው የሚረጨው መድኃኒት ያሳሰባቸው ሰው መሆናቸው ግን ከእያንዳንዱ አንቀጽ ይታያል። በዚያ አልጣላቸውም። ኬሚስትሪ ሳስተምር ጸጉሬ የሸበተ ሰው ስለሆንሁ የምጣላቸው በኬሚስትሪው ነው።

ከከሰሉ ልጀምር። «ከሰል የሚያጠቁር፣ ጭሱ የሚገድል ነገር ነው፤ ካርቦን ማለትም ይኸው ነው» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው፤ ከሰል በአብዛኛው ካርቦን ነው። ግን ከሰሉ ከመክሰሉ በፊት ምን ነበር? ግራር ነበር፤ ባሕር ዛፍ ነበር። ከሳዩ እንጨቱን ከምሮ አፈር አልብሶ አየር እየነፈገ ሲያግመው፣ ውኃውና ተናኙ ነገር ሁሉ በጭስ ይወጣና ጥቁሩ ይቀራል። ጥቁሩ ከውጭ አልመጣም፤ በእንጨቱ ውስጥ የነበረ ነው። ይህን ለማየት ጫካ መሄድም አያስፈልግ። እትዬ ስልክ ሲያነጋግሩ ምጣድ ላይ የረሱትን እንጀራ አንሥቶ ማየት ይበቃል። ነጭ ጤፍ ነው፤ ዳር ዳሩ ግን ጠቁሯል፤ በጣት ሲነኩት ጥላሸት ይሆናል። ያ ጥቁር ነገር ከምጣዱ አልተላቀቀም። ነጩ ጤፍ ውስጥ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ተቃቅፈውት ስለነበር ነው ያልታየው።

የጤፍ ዋናው ክፍል ስታርች ነው። 100 ኪሎ ንጹሕ ስታርች ውስጥ 44 ኪሎ ያህሉ ካርቦን ነው። ሥጋው፣ ቅቤው፣ ሽሮው፣ ማሩ፣ በርበሬው፣ ሁሉም በካርቦን የተዋቀረ ነው። ጸሐፊው እንደሚመክሩት ካርቦን የሌለበት ማዕድ ላቅርብ ብል የማገኘው ውኃና ጨው ብቻ ነው። ከሰውነታችን ይውጣ የሚሉትም እንዲሁ። ከሰው ክብደት 18 ከመቶ ያህሉ ካርቦን ነው፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 11 ኪሎ ገደማ ካርቦን ተሸክሞ ይሄዳል ማለት ነው። እርሱን አውጡ ቢባል የሚቀረው ብዙ ውኃ፣ ጥቂት ጋዝና አንድ እፍኝ ማዕድን ነው። ጽሑፉን የጻፈው እጅም አይተርፍም።

ለምን ካርቦን? ክፍል ውስጥ ይህን ሳስረዳ እጅ እቆጥራለሁ። ሃይድሮጅን አንድ እጅ አለው እላለሁ፤ ኦክስጅን ሁለት፣ ናይትሮጅን ሦስት፣ ካርቦን አራት። ባለ አንድ እጆቹ ሁለት ሆነው ከተያያዙ ነገሩ አበቃ፤ ሦስተኛ የሚጨብጡበት እጅ የላቸውም። ካርቦን ግን በአንዱ እጁ ሌላ ካርቦን ይዞ ሦስቱ ይተርፉታል። ስለዚህ ሰንሰለት ይሆናል፤ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ዞሮ ራሱን ይዞ ቀለበት ይሠራል። አንዳንዴም ከጎረቤቱ ጋር በሁለት ወይም በሦስት እጅ ይያያዛል። አያያዙ ደግሞ ልክ አለው፤ በየቀኑ እስከማይፈርስ ጠንካራ፣ ሰውነት ሲፈልግ ሊፈታው እስከሚችል ልል ነው። ከዚህ ባሕርይው የተነሣ እስከ ዛሬ የታወቁት የካርቦን ውሁዶች በብዙ ሚሊዮን ይቆጠራሉ። ስኳርም ስብም ፕሮቲንም፣ የአባት መልክ ወደ ልጅ የሚያስተላልፈው ዲኤንኤም የቆሙት በዚህ አጽም ላይ ነው።

የጭሱን ነገር አልክድም። ከሰል አቀጣጥሎ በተዘጋ ቤት መተኛት ይገድላል፤ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው የሚገድለው። በደማችን ኦክስጅን ከሚሸከመው ከሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይያያዝና ኦክስጅኑን ቦታ ይነሣዋል። ግን ልብ ይበሉ፤ አንድ ካርቦን ከአንድ ኦክስጅን ጋር ሲሆን ገዳይ የሆነው፣ ከሁለት ኦክስጅን ጋር ሲሆን ይኸው አሁን እያነበብን ከአፍንጫችን የምናስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ካርቦኑ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አጠገቡ የቆመው ነው። ጸሐፊው ካርቦንን የከሰሱበት ወንጀል የካርቦን አይደለም፤ የአደራደሩ ነው። በ1797 ስሚትሰን ቴናንት የተባለው እንግሊዛዊ አልማዝ አቃጥሎ የወጣው ከከሰል የሚወጣው ጋዝ ራሱ መሆኑን ካሳየ ወዲህ ይህ ሊያከራክር አይገባም ነበር። ለማጣራት ብሎ አልማዝ ማቃጠል ደግሞ እንዴት ያለ ልብ ይጠይቃል!

ወደ ዩሪያው ልሂድ፤ የጽሑፉ ትልቁ ስህተት እዚያ ነውና። ጸሐፊው «ዩሪያ ኬሚካል እንጂ ኦርጋኒክ አይደለም፤ ኦርጋኒክ ነገር የሚሠራው ሕይወት ብቻ ነው፤ ፋብሪካ ሕይወት የለውምና ሊሠራው አይችልም» ይላሉ። በዓለም ላይ ካሉት ሚሊዮን ውሁዶች ለዚህ አባባል ምሳሌ እንዲሆን የማይገባው አንድ ውሁድ ቢኖር ዩሪያ ነው። እርሳቸው ግን መርጠው እርሱን አነሡት!

ከ200 ዓመት በፊት ቢጽፉት ኖሮ ታላላቅ ሊቃውንት ከጎናቸው በቆሙ ነበር። የስዊድኑ ኬሚስት ቤርዜሊየስና በዘመኑ የነበሩ ብዙዎች ከእንስሳትና ከዕፅዋት የሚገኙትን ውሁዶች «ኦርጋኒክ» ብለው ለይተው፣ እነዚህን ለመሥራት በሕያው አካል ውስጥ ብቻ ያለ አንድ ልዩ ኃይል ያስፈልጋል ብለው ያምኑ ነበር። ቃሉም የመጣው ከ«ኦርጋን» ነው፤ የአካል ክፍል ማለት ነው። በ1828 ግን የቤርዜሊየስ ተማሪ የነበረው ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ቮለር አሞኒየም ሳያኔት የተባለ ጨው ለማግኘት ሲጥር፣ ከዕቃው ላይ ያልጠበቀው ነጭ ክሪስታል ቀረለት። ሲመረምረው ዩሪያ ነው፤ ከሽንት የሚገኘው ራሱ ዩሪያ። ለቀድሞ መምህሩ ሲጽፍም ያለ ሰውም ሆነ ያለ ውሻ ኩላሊት ዩሪያ መሥራት እችላለሁ አለ። የልዩ ኃይሉ እምነት በአንድ ቀን አልወደቀም፤ በ1845 ኮልቤ የኮምጣጤን አሲድ ሕይወት ከሌላቸው ነገሮች ተነሥቶ እስኪሠራ፣ ከዚያም በኋላ ሌሎች እስኪከተሉ ድረስ ተንፏቋል። የመጀመሪያው ስንጥቅ ግን ዩሪያ ነው።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ሌላ ነው። አሞኒየም ሳያኔትን ፈተው አቶሞቹን ቢቆጥሩ አንድ ካርቦን፣ አንድ ኦክስጅን፣ ሁለት ናይትሮጅን፣ አራት ሃይድሮጅን ያገኛሉ። ዩሪያንም ፈተው ቢቆጥሩ አንድ ካርቦን፣ አንድ ኦክስጅን፣ ሁለት ናይትሮጅን፣ አራት ሃይድሮጅን። አልተጨመረም፤ አልተቀነሰም። ቮለር ያሞቀው ጨው ውስጥ አቶሞቹ ቦታ ተለዋወጡ፤ ከሌላው ጋር የነበረ እጅ ተላቅቆ ሌላ ጨበጠ፤ አዲስ ነገር ሆነ። ሕይወት የሚባለው ልዩ ቅመም ይጨመርበታል የተባለው ቦታ ላይ የተገኘው የአደራደር ለውጥ ነው።

ዛሬ ዩሪያ በፋብሪካ የሚሠራው ከአሞኒያና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ጆንያው ላይ 46 ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ናይትሮጅኑ ከመቶ ስንት እንደሆነ ይናገራል። ጤናማ ሰውም በየቀኑ ከ20 እስከ 30 ግራም የሚሆን ዩሪያ በሽንቱ ያስወጣል። ከሜጫ ገበሬ ጆንያ አንድ ሞለኪውል፣ ከገበሬው ሽንት አንድ ሞለኪውል አውጥተን ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው የትኛው ከየት እንደመጣ ከአሠራሩ የሚለይ ሰው አይገኝም። ሞለኪውል አገሩን አይናገርም። የሎሚ አሲድም እንዲሁ ነው፤ ቫይታሚን ሲም እንዲሁ ነው።

ታዲያ «ኦርጋኒክ እርሻ» የሚባለውስ? እርሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ግራ መጋባቱም የመጣው ከዚህ ይመስለኛል። አንዱ ቃል ሁለት ቤት አለው። በኬሚስት ቤት ኦርጋኒክ ማለት የካርቦን ውሁድ ማለት ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድን፣ ኖራ ድንጋይንና ጥቂት መሰሎቻቸውን በልማድ ከዚያ እናወጣለን፤ ድንበሩም ያን ያህል የጠራ አይደለም። በገበሬና በነጋዴ ቤት ደግሞ ያለ ፋብሪካ ማዳበሪያና ያለ ፋብሪካ ፀረ ተባይ የተመረተ ማለት ነው። በመጀመሪያው ቤት ዩሪያ ኦርጋኒክ ነው። በሁለተኛው ቤት የፋብሪካው ዩሪያ የተከለከለ ነው። ሁለቱም ቤት በየራሱ ሕግ ትክክል ነው። ጸሐፊው ግን ከአንዱ ቤት ወንበር ወስደው በሌላው ቤት ተቀምጠው ይፈርዳሉ። ኮምፖስት ማዘጋጀትን እደግፋለሁ፤ ከልክ በላይ የተበተነ ዩሪያ በክረምት ጎርፍ ታጥቦ ጣና ሲገባ እምቦጭን እንደሚቀልብም አምናለሁ። ይህ የመጠንና የአያያዝ ክርክር ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ ሞለኪውሉን «ሙት» ማለት ግን አያስኬድም።

አደራደር ምን ያህል እንደሚለያይ አንድ ምሳሌ ልጨምርና ልለፍ። ስታርችና የገለባ ሴሉሎስ ሁለቱም ግሉኮስ የተባለው ስኳር ሰንሰለት ናቸው። ግሉኮሱ አንድ ነው፤ አንዱ ከአንዱ የሚያያዝበት አቅጣጫ ብቻ ይለያል። በዚያ ምክንያት እኛ የጤፉን ፍሬ በልተን ጭዱን ለፎገራ በሬ እንሰጣለን። በሬውም ብቻውን አይችለውም፤ ጨጓራው ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው የሚፈቱለት።

«ከተፈጥሮ የመጣ አይጎዳም» የሚለው ቃል በጽሑፉ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተደግሟል። ይህን አዲስ አበባ ወይም ሌላ ቦታ የተቀመጠ ሰው ቢጽፈው ባልተከፋሁ። ጣና ዳር ተቀምጦ ግን ጓያን መርሳት እንዴት ይቻላል? ደንቢያና ፎገራ ጓያ የበላቸውን ሰዎች ያውቃሉ፤ በምርኩዝ የሚሄዱ፣ ጉልበታቸው ተቆልምሞ በጣታቸው ጫፍ የሚረግጡ፣ አብዛኞቹ በጉልምስናቸው የተያዙ ሰዎች። ጓያ ማዳበሪያ አይፈልግም፤ መድኃኒት አይረጭበትም፤ ዝናብ ሲጠፋ ሌላው እህል ሲደርቅ እርሱ ይቆማል። ለዚህም ነው በክፉ ቀን ሽሮውም ቂጣውም እርሱ ብቻ የሚሆነው፤ ለወራት ያለ ማቋረጥ ሲበላ ደግሞ እግር ሽባ ይሆናል። ጥፋተኛው ኦዳፕ የሚባል አሚኖ አሲድ ነው። የካርቦን አጽም ያለው፣ ተክሉ ራሱ የሠራው፣ በጸሐፊው መለኪያ ንጹሕ «ኦርጋኒክ» ነው። ነርቮቻችን መልእክት የሚቀባበሉበትን ግሉታሜት የተባለ ሌላ አሚኖ አሲድ ስለሚመስል፣ ተመሳሳይ ቁልፍ ሆኖ የማይገባው በር ውስጥ ይገባል፤ ነርቩንም ያለ ልክ እየቀሰቀሰ ይገድለዋል። እናቶች ጓያውን ዘፍዝፈው ውኃውን የሚደፉት ከመርዙ የተወሰነው ከውኃው ጋር ስለሚሄድ ነው። እነርሱ ከተፈጥሮ መጣ ብለው አልተዘናጉም።

ብርብራም አለ። ፍሬው ተወቅጦ ዱቄቱ በጣና ገባር ወንዞች ላይ ሲበተን ዓሣ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል። በፍሬው ውስጥ ሮቴኖን የተባለ የካርቦን ውሁድ አለ። ዓሣው ውኃው ውስጥ ኦክስጅን አጥቶ አይደለም የሚሞተው፤ ኦክስጅኑ ሞልቶ ሕዋሳቱ ሊጠቀሙበት እንዳይችሉ ሮቴኖኑ ስለሚያግዳቸው ነው። ለመራባት ሽቅብ ወደ ወንዝ የወጣ ዓሣ ከነዕንቁላሉ በዚህ ያልቃል። ጸሐፊው የሐይቁ ዓሣ መመናመን አሳስቧቸው ከጻፉት አንቀጽ ጎን «የሀገር በቀል ዛፍ ፍሬ ሁሉ የዋህ ነው» ማለታቸው ምነው ሳያዩት ቀሩ አሰኝቶኛል።

ብርብራ ክፉ ዛፍ ነው እያልሁ አይደለም፤ ጥላውም አበባውም መልካም ነው። እንዶድንም እንይ። በሳሙና ፋንታ ልብስ የሚያጥብልን ሳፖኒን የተባለው ውሁዱ ነው። ሟቹ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ዐድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው፣ ቢልሃርዚያን የሚያዛምተውን ቀንድ አውጣ በእንዶድ መግደል እንደሚቻል ያሳወቁት ከዚያ ተነሥተው ነው። አንዱ ሞለኪውል ለሸማው ሳሙና፣ ለቀንድ አውጣው መርዝ፣ ለሰው መድኃኒት መሰል ጥቅም ሆነ። የዘጌ ቡናም ካፌይኑን የያዘው ለእኛ ንቃት ብሎ አይደለም፤ ተባይ የሚያርቅበት ነው። እኛ ጀበና ጥደን ሦስት ጊዜ እንጠጣዋለን።

አሁን አሸዋው። «ካርቦን ይህን ያህል አስፈላጊ ከሆነ ከእርሱ እጅግ የሚበዛው የአሸዋ ንጥረ ነገር ለምን ሕይወት አልሆነም?» ይላሉ ጸሐፊው፤ ካርቦን በሳይንስ መጻሕፍት ያለ አግባብ የተሞገሰ መሆኑን ለማሳየት ነው የጠየቁት። ዓላማው ሌላ ቢሆንም ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ተማሪ ቢጠይቀኝ ሙሉ ነጥብ እሰጠው ነበር። የአሸዋው ንጥረ ነገር ሲሊከን ነው። እርሱም እንደ ካርቦን ባለ አራት እጅ ነው፤ በንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ላይም ልክ ከካርቦን ሥር ተቀምጧል። ከመሬት ቅርፊት ክብደት 28 ከመቶ ያህሉ ሲሊከን ሲሆን ካርቦን አንድ ከመቶም አይሞላም። በብዛት ቢሆን ኖሮ ሁላችንም ከድንጋይ በተሠራን ነበር።

ግን ሲሊከን ትልቅ አቶም ነው፤ ከወንድሙ ጋር ሲያያዝ እጁ ይላላል። ኦክስጅን ካገኘ ደግሞ ወንድሙን ለቆ እርሱን ይይዛል፤ ከያዘም አይለቅም። ካርቦን ከኦክስጅን ጋር ሲቃጠል የሚሆነው ጋዝ ነው፤ ከአየር ጋር ይሄዳል፤ ውኃ ውስጥ ይሟሟል፤ ቅጠል ይስበዋል፤ ሳንባ ያስወጣዋል። ሲሊከን ከኦክስጅን ጋር የሚሆነው አሸዋ ነው። አሸዋ የሚተነፍስ ሳንባ ምን እንደሚመስል ያስቡት። ሕይወት የሚፈልገው የሚመላለስ ነገር ነው፤ አሸዋ ደግሞ ከሄደበት አይመለስም። ሆኖም በሲሊከን የሚጠቀም ፍጡር አለ፤ በጣና ውኃ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ዲያቶም የሚባሉ ዋቅላሚዎች ቤታቸውን የሚሠሩት እንደ መስተዋት ካለ የሲሊከን ውሁድ ነው። በዚያ የመስተዋት ቤት ውስጥ የሚኖረው ሥጋ ግን ካርቦን ነው።

የቀረው የአፈሩ ነገር ነው። «ተክል አፈር በልቶ ያድጋል» የሚለው ብዙ ሰው የሚያምነው ስለሆነ ጸሐፊውን ብቻ አልወቅስም፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼም ዛፉ ከምን ተሠራ ስላቸው ግማሾቹ ከአፈር ይላሉ። ቫን ሄልሞንት የተባለ የዛሬዋ ቤልጅየም ሰው ይህን በሚዛን ፈትኖታል። 90 ኪሎ ያህል የደረቀ አፈር በትልቅ ማሰሮ አድርጎ፣ ሁለት ኪሎ ከምናምን የምትመዝን የአኻያ ችግኝ ተክሎ፣ አምስት ዓመት ውኃ ብቻ አጠጣት። በመጨረሻ ዛፏን ነቅሎ ሲመዝናት 77 ኪሎ ገደማ ሆናለች። አፈሩን አድርቆ መዘነው፤ የጎደለው 60 ግራም የማይሞላ ነው። ጽሑፉ እርሱ ከሞተ በኋላ በ1648 ታተመ። እርሱ ራሱ ዛፉ ከውኃ ብቻ ተሠራ ብሎ ደመደመ፤ ተሳሳተ፤ አየሩን አልመዘነምና። የአየሩን ድርሻ ለማወቅ ከዚያ በኋላ አንድ መቶ ዓመት ከምናምን ፈጀ።

ከ10,000 የአየር ሞለኪውሎች ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አራት ያህሉ ብቻ ነው። ተክል ከዚያ መካከል እየለቀመ በፀሐይ ጉልበት ከውኃ ጋር አዋሕዶ ስኳር ይሠራል፤ መማሪያ መጽሐፎቻችን ብርሃን አስተጻምሮ የሚሉት ይኸን ነው። ከአፈር የሚወስደው ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስ፣ ፖታሲየምና የመሳሰለው ያለ እርሱ የማይኖር፣ ግን በክብደት ትንሽ ነገር ነው። ይህን አላምንም የሚል እምቦጭን ይይ። ሥሩ አፈር አልነካም፤ ውኃው ላይ ተንሳፍፎ ሥሩን እንደ ጺም ለቅቆ ነው የሚኖረው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2011 ወዲህ በጣና ላይ ያየነው ያ ሁሉ አረንጓዴ አፈር ሳይቀምስ አካሉን የሠራው አየር ላይ ካገኘው ካርቦን ነው። ስለዚህ አቃጥሉትና ካርቦኑ ይጥፋ የሚለው ምክር ሁለት ጊዜ አይሠራም። አንደኛ፣ እምቦጭ ከ90 ከመቶ በላይ ውኃ ስለሆነ እርጥቡን ክብሪት ቢለኩሱበት እሳቱን ያጠፋዋል። ሁለተኛ፣ ደርቆ ቢነድም ካርቦኑ አይጠፋም፤ ወደመጣበት አየር ይመለሳል። ዳር ላይ ተከምሮ ሲበሰብስም አየር በማያገኘው ሥሩ በኩል ከፊሉ ሜቴን ሆኖ ይወጣል። መለቀሙ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱ ግን ካርቦኑ አይደለም።

ባለፈው ሳምንት ሐይቁ ዳር ታንኳ ከሚሠራ ሰው ዘንድ ከአሮጌ ታንኳ የተፈታ ደረቅ ደንገል ጠይቄ አንድ እቅፍ ይዤ መጣሁ። ደንገል ደርቆ ሲያዝ ምንም ያልያዙ ያህል ይቀላል፤ ልጡን በጥፍር ቢገፉት ውስጡ ነጭ ስፖንጅ ነው፤ አየር የሞላበት ነው። ሰው ከነማገዶው ከዘጌ ባሕር ዳር የሚሻገረው በዚህ ላይ ተቀምጦ ነው። ግቢዬ ውስጥ በብረት ሳህን ላይ ለኮስሁት። በደቂቃዎች ነደደ። ሲበርድ አመዱን ጠርጌ በቡና ስኒ ሰፈርሁት፤ አንዱን ስኒ ገና ከአንገቱ አላደረሰውም። አፈር የሰጠው ያቺን ነው። እቅፉን የሞላው ሌላው ሁሉ ከአየርና ከውኃ የመጣ ነበር፤ ዓይኔ እያየ ወደዚያው ሄደ።

ስኒውን ይዤ ወደ እትዬ ሄድሁ። ምጣዱ ጠዋት የተጣደ ነው፤ እርሳቸው በመጋገር ላይ ናቸው። ከጀመርሁት አይቀር ብዬ የእንጀራቸውንም ነገር አወራሁላቸው። ጤፉ በቅጠሉ ከአየር የሳበው ካርቦን ፍሬው ውስጥ ስታርች ሆነ፤ ሊጡ ውስጥ እርሾው ከፊሉን በላና መልሶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አድርጎ ተነፈሰው፤ ሊጡ ኩፍ ያለው በዚያ ነው፤ ምጣድ ላይ ሲፈስስ ደግሞ ጋዙና እንፋሎቱ ሲወጡ ቀዳዳው ይቀራል፤ እናንተ ዓይን የምትሉት ያ ነው አልሁ። አክንባሎውን ከፈት አደረጉት። እንጀራው ዳሩ ተነሥቷል፤ ዓይኑ ጥቅጥቅ ብሎ ወጥቷል። ጎንበስ ብለው ትንሽ አዩትና፣

«እንግዲያው ለእነዚያ ደንበኞቼ ዓይን ዓይኑን ለቅሜ ልሽጥላቸዋ» አሉ።